ዘጠኝ ነጥብ ሦስት

የመንግሥት የጤና መድን መሥሪያ ቤት የዓመቱን የክፍያ ስህተት ለሕዝብ በሚያሳውቅበት ዕለት፣ ስህተቱን የቆጠረው ሰው ምድር ቤት ውስጥ፣ ከመዝገብ ቤቱ መሰላል ሥር ሞቶ ተገኘ። ጋዜጠኞች የተጠሩት ለአራት ሰዓት ነበር። ሬሳው የተገኘው ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፖሊስ የተጠራው ደግሞ ለሦስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ነው። መካከል ላይ ያለው ሃምሳ ደቂቃ ለምን እንደዋለ መርማሪዋ ስትጠይቅ፣ የሐዘን መግለጫ ሲረቀቅበት ነበር ብለው መለሱላት፤ ሲመልሱም አላፈሩም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ መርፌ ይሏታል። ደልዳላ፣ ትከሻዋ የሰፋ ሴት ስለሆነች ስሙን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ስሙ ግን የወጣላት ለሰውነቷ አይደለም፤ የገባችበትን ሳትወጋ ስለማትወጣ ነው። ይህን ሕንፃ ታውቀዋለች፤ ስለምታውቀውም ትንቀዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት የታላቅ እህቷ የሆስፒታል ሂሳብ «ሰነድ ያልተሟላ» የሚል ማኅተም ተመትቶበት የተመለሰው ከዚሁ ነው። የጎደለው ሰነድ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሊጽፍላት የሚገባ ደብዳቤ ነበር። እህቷ የአንገቷን ወርቅ ሸጣ ከፈለች፤ ደብዳቤው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ጥቁር ከረባት አስሮ ደረጃው ላይ ጠበቃት። «ጎበዝ ልጅ ነበር» አላት፤ ሟቹ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀጠለና ከመሰላል መውደቁን፣ መሰላሉ ከድሮም ችግር ያለበት መሆኑን፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቸልተኛ መሆኗን፣ የክስ ደብዳቤም ጽፎላት መፈረሙን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈላት። መርፌ በሃምሳ ደቂቃ ውስጥ የሐዘን መግለጫና የክስ ደብዳቤ አንድ ላይ የሚያደርስ መሥሪያ ቤት፣ ለእህቷ አንዲት ወረቀት በሁለት ዓመት አለማድረሱን አሰበች። የደብዳቤውን ቅጂ ተቀብላ፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ታች ወረደች።

መዝገብ ቤቱ ጣሪያው ዝቅ ያለ ረጅም ክፍል ነው። የብረት መደርደሪያዎቹ እስከ ጣሪያ ድረስ በካርቶን ሽፋን መዝገብ ታጭቀዋል። በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አለ፤ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ከዚያ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ መሰላሉ ተጋድሟል፤ ከሥሩም ቆጣሪው። ቆጣሪ የሚሉት ልክ እንደ መብራት ቆጣሪ፣ ሰው አየውም አላየውም ዝም ብሎ ስለሚቆጥር ነበር።

ሐኪሙ ከተንበረከከበት ቀና አለ። «ሁለት ምት ነው» አላት። «አንዱ ግንባሩ ላይ፣ አንዱ ከጆሮው በላይ። የመደርደሪያ ጠርዝ ይመስለኛል። ከአንድ መሰላል ደግሞ ሁለት ጊዜ አይወደቅም።»

መርፌ ጎንበስ ብላ አየች። ቆጣሪው ሁለት መነጽር አለው። የሩቁ ደረት ኪሱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከጆሮው ላይ የተንጠለጠለው የማንበቢያው ነው። ከዚያ የግራ እጁን የሸሚዝ እጅጌ ገለጥ አደረገችው። የእጅ አንጓው ላይ በእስክሪብቶ፣ በጥንቃቄ፣ «93 − 35 = 58» ተብሎ ተጽፏል።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጥግ ላይ ካርቶን ላይ ተቀምጣለች። ሕንፃው በሙሉ እትዬ ይላታል። ሃያ ዓመት ይህንኑ ሕንፃ ስታጸዳ ኖራ፣ የዛሬ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤቱ ኮምፒዩተር ሲገባለት ወደዚህ የተዛወረች ሴት ናት። ለጡረታዋ ዘጠኝ ወር ቀርቷታል።

«እትዬ፣ እጁ ላይ የጻፈው ምንድን ነው?» አለቻት መርፌ።

«እሱ ሁሌም ነው የኔ ልጅ። እዚህ ባዶ ወረቀት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ የሰው ሕመም ይገለበጣል ተብሎ። ሌላው ደብቆ ያስገባል። እሱ ግን ሕግ ሕግ ነው ብሎ እጁ ላይ ይጽፋል። ማታ ማታ ሚስትህ ስታሽህ ሪፖርቱ ታጥቦ ይሄዳል እያሉ ሲስቁበት ኖሩ።»

«መሰላል ይወጣ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! ከፍታ ያዞረዋል። የምወጣው እኔ፣ የሚይዝልኝ እሱ። ብሎኑ ወልቋል ይጠገን ብዬ አራት ጊዜ አመልክቻለሁ፤ መልስ የለም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አሁን እኔን ሊያስሩኝ ነው አይደል?»

መርፌ ምርመራዋን ሳትጨርስ ማንም እንደማይነካት ነገረቻት። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ዞር አለች፤ ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ ወርዶ የሐኪሙን ቃል ሰምቶ ኖሯል። ግድያ ከሆነማ ነገሩ ግልጽ ነው አለ፤ ወዲያው፣ ሳያስብበት። የዚህ ክፍል ቁልፍ ያለው አምስት ሰው እጅ ነው፤ የሟቹ፣ የእሱ፣ የምክትል ቆጣሪው፣ የሕዝብ ግንኙነቷና የእትዬ። ጠዋት ማልደው የገቡት እነዚሁ አምስቱ ናቸው። ሬሳውን አገኘሁ ያለችው ደግሞ እሷ ናት። «ያው ከጽዳት የመጣች ሰው ናት» ብሎ ጨመረ፤ ይህ እንደ ማስረጃ ይቆጠርለት ይመስል።

እትዬ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት የት እንደነበረች ስትጠየቅ፣ አዳራሽ ውስጥ ብቻዋን ለጋዜጠኞች ወንበር ስትወለውል እንደነበር ተናገረች። የሕዝብ ግንኙነቷ ናት ያዘዘቻት። ስምንት ዓመት የመዝገብ ሠራተኛ ብትባልም፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወልዋይ የምትሆነው እሷው ናት። ለዚህ ደግሞ ምስክር የላትም፤ ወንበር አይናገርም።

መርፌ ምክትል ቆጣሪውን ሁለተኛ ፎቅ አገኘችው። ቅጽል ስሙ ልክነው ነው። ሥራው ቆጣሪው የመረመረውን መዝገብ እንደገና ማንበብ ሲሆን፣ በአራት ዓመት ውስጥ «ልክ ነው» ከሚል ቃል ሌላ ጽፎ አያውቅም። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ፀጉሩ ተቀብቷል። ሐዘኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰና የሟቹ ቦታ እስኪያዝ ድረስ ውክልናው ለማን እንደሚሰጥ ጠየቃት።

አሠራሩን አስረዳት። በየዓመቱ ከተከፈሉ ሂሳቦች ውስጥ አንድ ሺህ በዕጣ ይወጣል። የወጣው ዝርዝር በሥራ አስኪያጁ ይፈረማል። ከዚያ የእያንዳንዱ ታካሚ መዝገብ ከምድር ቤት ወጥቶ ክፍያው ትክክል መሆን አለመሆኑ ይታያል። ዘንድሮ ዘጠና ሦስቱ ስህተት ሆነዋል፤ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት በመቶ። ከእነዚህም ሠላሳ አምስቱ መዝገባቸው ጭራሽ ያልተገኘ ነው።

«መዝገቡ ካልተገኘ ስህተት ይባላል?»

«አዎ፣ ወረቀት የሌለው ሁሉ ስህተት ነው።»

«ስርቆት ቢሆንስ?»

«ስርቆት ስህተት አይደለም። ከቁጥሩ ወጥቶ ለፖሊስ ይላካል። ስህተት ላይ ግን ማንም አይጠየቅም፤ ሪፖርት ይደረጋል፣ ይታረማል ይባላል፣ አለቀ።» ትንሽ አሰብ አደረገና ቅር ያለው መሰለ። «ከስድስት በመቶ ከበለጠ ግን የሠራተኛው የዓመት ጉርሻ ይቀራል። የኔም።»

የሕዝብ ግንኙነቷ ደግሞ ክፍሏ ውስጥ መስተዋት ፊት ቆማ መግለጫውን ስታነብብ ደረሰችባት። ሰው በሞተበት ቀን ምን ዓይነት የከንፈር ቀለም እንደሚያስፈልግ ገና አልወሰነችም። ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ስንት ቀን እንቅልፍ እንደነሳት፣ ቆጣሪውን ዘጠኝ ብለህ ጠቅልልልኝ ብላ እንደለመነችው፣ እሱም ነጥቧ ብቻዋን የሦስት ሺህ ሰው መዋጮ ናት ብሎ እንደመለሳት አማረረች። እንዲህ ያለ ሰው ለመሥሪያ ቤት ገጽታ አይበጅም አለች። ሬሳው ገና ከሕንፃው አልወጣም።

ሥራ አስኪያጁ ብቻ በቁጥሩ አልተማረረም። ሦስተኛ ፎቅ ቢሮው ውስጥ፣ ሰፊ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ መርፌን «እህቴ» እያለ አነጋገራት። ዘጠኝ ነጥብ ሦስትን በጸጋ እንደሚቀበል፣ ሕዝብ ፊት ቆሞ ስህተቱን እንደሚያምን፣ ግልጽነት ማለትም ይኸው እንደሆነ ነገራት። ሠላሳ አምስቱ መዝገቦችም ቢሆኑ ወረቀት ጠፋ እንጂ ገንዘብ አልጠፋም ባይ ነው።

«ምድር ቤት መቼ ወርደው ነበር?»

«ዛሬ ከእርስዎ ኋላ ከመውረዴ በቀር ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ግን አይናቁኝ» አለና ሳቀ። «ከዚያ ምድር ቤት ነው የተነሣሁት። መዝገብ ተሸካሚ ሆኜ ስቀጠር ፂም አልነበረኝም። አሥር ዓመት መደርደሪያ ስደረድር ኖሬ ነው እዚህ የደረስኩት።»

መርፌ ስታዳምጠው አንድ ነገር ቆረቆራት። ሃያ ሦስት ዓመት መሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ስትመረምር ኖራለች፤ ቁጥር የሚደብቅ፣ የሚያሳንስ፣ ሌላ ሰው ላይ የሚላክክ አለቃ አይታለች። በመጥፎ ቁጥር ደስ የሚለው አለቃ ግን አይታ አታውቅም።

እንደገና ወረደች። እትዬን አስነሥታ፣ ሠላሳ አምስቱን መዝገቦች የት የት እንደፈለገቻቸው ጠየቀቻት። እትዬ በሕይወት ያሉ አባላት መዝገብ የሚቀመጥበትን አሥራ ስምንቱንም ረድፍ አገላብጣለች፤ ሁለት ጊዜ። ከእነዚያ ወዲያ ያለው አሥራ ዘጠነኛው ረድፍ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሞቱ አባላት የተዘጋ መዝገብ ነው። በሕይወት አለ ተብሎ ሕክምና የተከፈለለትን ሰው እዚያ ማን ይፈልገዋል?

«ቆጣሪው ይፈልገዋል» አለች መርፌ።

አሥራ ዘጠነኛው ረድፍ ጣት የሚያሰምጥ አቧራ ነበረበት። ሦስተኛው ድርድር ላይ ግን አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ጽድት ብሎ ባዶ ሆኗል። ባዶው ቦታ ላይ ደግሞ አንዲት ቢጫ ካርድ ቀጥ ብላ ቆማለች። እትዬ ካርዷን አንሥታ የዱሮ ቆሻሻ ናት ብላ ልትጨመድዳት ስትል መርፌ እጇን ያዘቻት። ካርዷ ላይ የረድፉ ቁጥር፣ የዛሬ ቀንና «የወጣ ብዛት 35» ተጽፏል። ከዓመተ ምሕረቱ ሥር አጭር መስመር ተሰምሯል። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

«እንዲህ ያለ ካርድ ያውቃሉ እትዬ?»

«በየረድፉ ጫፍ ሣጥን ሙሉ አለ። እኔ ስመጣ ጀምሮ አለ፤ ጥሩ ማገዶ ይወጣዋል እላለሁ እንጂ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ መዝገብ ሳወጣ ያቺን የምትጮኸውን መሣሪያ ማስነካት ነው።»

መርፌ ቦርሳዋን ከፍታ የክስ ደብዳቤውን አወጣች። ደብዳቤው በኮምፒዩተር ተጽፎ፣ ቀኑ ግን በእጅ ተሞልቷል። ለረጅም ጊዜ ሁለቱን አስተያየች። ከዚያ ከፖሊሶቹ አንዱን ጠርታ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ላከችው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ትንሿ የስብሰባ ክፍል ገቡ። ከግድግዳው ወዲያ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ጋዜጠኞቹ እትዬ በወለወለቻቸው ወንበሮች ላይ ያጉረመርማሉ። ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጠ። እትዬ መቀመጥ ፈርታ በሩ ጋ ቆመች፤ ማንም ተቀመጪ አላላትም። መርፌ የራሷን ወንበር ስባ ሰጠቻትና እሷ ቆመች።

«ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ስትነግሩኝ ነበር» አለች። «ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ያሳፍራል፣ እንዲቀንስ የማይፈልግ የለም። እኔም ቁጥር ለማሳነስ ሰው የገደለ እንድፈልግ ነው የፈለጋችሁት። አንተ፣ ልክነው፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ።»

የሟቹን እጅ ፎቶግራፍ አቀበለችው። ልክነው ጮክ ብሎ አነበበ፤ ዘጠና ሦስት ሲቀነስ ሠላሳ አምስት፣ ሃምሳ ስምንት። በመቶ ስንት እንደሚሆን ጠየቀችው።

«አምስት ነጥብ ስምንት።» ፊቱ ሲበራ ታየ። «ከስድስት በታች ነው። ጉርሻው አይቀርም ነበር ማለት ነው።»

መርፌ ጥንብ የሸተታት ያህል ፊቷን አዞረች። «ይኸውላችሁ። ሟቹ ዛሬ ጠዋት ቁጥሩን ሊቀንስላችሁ ነበር። ይህ ልጅ ቢሰማ ጫማውን ይስምለት ነበር እንጂ አይገድለውም። የሕዝብ ግንኙነቷም እንደዚያው። ስለዚህ የገደለው ቁጥሩ ባለበት እንዲቆይ የፈለገ ነው። ሠላሳ አምስቱ መዝገቦች ጠፍተው እንዲቀሩ። ስህተት ተብለው እንዲቀሩ።»

ቀጥላ በዝግታ አስረዳቻቸው። ቆጣሪው መሰላል ላይ አልነበረም፤ የማንበቢያ መነጽሩን አድርጎ ጠረጴዛው ላይ እያነበበ ነበር። ጠረጴዛው ባዶ የሆነው ያነብበው የነበረውን ገዳዩ ስለወሰደው ነው። ያነብበው የነበረው ደግሞ ከአሥራ ዘጠነኛው ረድፍ፣ ከሞቱት ሰዎች መካከል፣ አንድ ላይ ታስሮ ያገኘውን ነው። የዕጣው ዝርዝር ለፊርማ ሲመጣለት፣ የሞት ማስታወቂያ ያለባቸውን ለቅሞ ወደዚያ ያዛወረ ሰው አለ። ደህና አድርጎ ደብቋል፤ እንዲያውም ሊቀመጡ በሚገባቸው ትክክለኛ ቦታ ነው ያስቀመጣቸው። ቆጣሪው ሲያገኛቸው ደግሞ ሕግ አክባሪ ስለነበረ፣ ሕጉ እንደሚለው፣ መጀመሪያ ለአለቃው ነገረ።

ሥራ አስኪያጁን ሳል ያዘው። ይህ ሁሉ ግምት ነው አለ።

«ካርዷ ግን ግምት አይደለችም።» ቢጫዋን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። «ገዳዩ ሬሳውን ጎትቶ መሰላሉን ከላዩ ከጣለ በኋላ ጥቅሉን ለመውሰድ ተቻኩሏል። ሰው ደግሞ ሲደነግጥ የሚሠራው የለመደውን ነው። ይህ ሰው አሥር ዓመት ሙሉ መዝገብ ካወጣህበት ቦታ ባዶ አትተው፣ ካርድ አቁም እየተባለ ያደገ ነው። እትዬ ካርዱን አታውቀውም። እነዚህ ሁለቱም መሣሪያው ከገባ በኋላ የመጡ ናቸው። ከምድር ቤት የተነሣ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ብቻ ነው።»

«እሷም ልታስቀምጠው ትችላለች» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ጣቱ ወደ እትዬ ተቀስሯል። «ማንም ሊጽፈው ይችላል።»

መርፌ የክስ ደብዳቤውን ከካርዷ ጎን ዘረጋችው። ሁለቱም ላይ አንድ ቀን ተጽፏል። ሁለቱም ላይ የቀኑ ቁጥር ጅራቷ ወደ ግራ ተጠምዝዛለች፤ ሁለቱም ላይ ከዓመተ ምሕረቱ ሥር አንድ ዓይነት አጭር መስመር ተሰምሯል። እትዬን ሊያሳስር የጻፈው ደብዳቤ በራሱ ላይ መሰከረበት። በዚያው ቅጽበት የተላከው ፖሊስ በገመድ የታሰረ ጥቅል ተሸክሞ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ ካፖርት መስቀያው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። የላይኛውን መዝገብ መርፌ ገለጠችው፤ በመጋቢት የተቀበረች ሴት እስከ ነሐሴ ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቷ ሲታጠብላት ከርሟል። ሠላሳ አምስቱም የአንድ ክሊኒክ ናቸው። ክሊኒኩ የማን እንደሆነ ልክነው ነበር የተናገረው፤ የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ወንድም ነው። ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያውቅ ኖሯል። ልክ ነው ብሎ ፈርሞበታል።

«ስህተት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። ከረባቱን ለማላላት ይታገላል። «ዝም በል ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ፤ ገፋሁት። መግደል አላሰብኩም። ስህተት ነው የሆነው።»

መርፌ እስከዚያች ሰዓት አንቱ ስትለው ቆይታለች።

«አንዴ ብትገፋው ስህተት ነው እልህ ነበር» አለችው። «ሐኪሙ የቆጠረው ግን ሁለት ነው። ደግሞስ በእናንተ ቤት ስህተት የሚባለው ወረቀት የሌለው ነው አይደል? የአንተ ወረቀት አለው።»

ሲያወጡት በእትዬ አጠገብ አለፈ፤ ቀና ብሎ አላያትም። መርፌ የክስ ደብዳቤውን ከማስረጃው ጋር አያይዛ፣ ይህን ደብዳቤ ከእንግዲህ የሚያነብበው ዳኛ ብቻ መሆኑን ለእትዬ ነገረቻት። እትዬ አላለቀሰችም። ተነሥታ ጥቅሉ ጋ ሄደችና የላላውን ገመድ አጥብቃ አሰረችው።

የሕዝብ ግንኙነቷ መግለጫውን ይዛ መሐል ቤት ቀርታለች። አዳራሹ ውስጥ ምን ብላ እንደምታነብብ ጠየቀች። መርፌ ነገረቻት፤ አምስት ነጥብ ስምንት በመቶ ስህተት፣ ሦስት ነጥብ አምስት በመቶ ስርቆት፣ ቆጥሮ የደረሰበትም ሰው በስሙ ይጠራል። ሴትየዋ ቁጥሮቹን ጻፈችና እስክሪብቶዋን አንሥታ ጥቂት አመነታች።

«ሦስት ነጥብ አምስቱን ሦስት ብለውስ? ለጆሮ ይቀላል።»

«ነጥቧን አትንኪ» አለቻት እትዬ። ሃያ ስምንት ዓመት በዚህ ሕንፃ ውስጥ ስትኖር ማንንም አዝዛ አታውቅም። «እሷን ሲቆጥር ነው የሞተው።»

የሕዝብ ግንኙነቷ ወደ አዳራሹ ገባችና እንደተጻፈው አነበበችው። እትዬ ግን ለመስማት አልቆመችም፤ ወደ ምድር ቤት ወርዳ ቢጫ ካርድ የሞላውን ሣጥን ከረድፉ ጫፍ አነሣችና፣ እላዩ ላይ ያለውን አቧራ በመሐረቧ ጠረገችለት።